ጨለማ ነው የሚለው መብራት

ጥቅምት 6

ለወንድሜ፣ ለፕላስተሩ ሊቅ፣

ሰላምታውን ሰላም ብላኛለች ብለህ ያዝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ጆሮው ግን ከራሱ በቀር ማንንም መስማት ትቷል። ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ ስልክ ላይ አንድ ስድብ ጀምሬ ሳልጨርስ «እትዬ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም።

አባባ ስለ አንተ ለሰው ምን እንደሚልም ጠይቀሃል። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ፍሪጅ ላይ ነው የሚሠራው» ብሏል። ውሸታም ልለው አልቻልኩም፤ ከእኛ ማቀዝቀዣ የበረደ ነገር በዓለም ላይ የለም ብለህ የጻፍክለት ራስህ ነህ። ይኸውልህ እንግዲህ፣ ሁለት የተበላሹ ፍሪጆች ደጃችን ላይ ቆመው ይጠብቁሃል። አንደኛው የልብስ ሰፊዋ ነው። ውስጡ ምን እንደተረሳ አልጽፍልህም፤ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን አይቀበለኝም።

ወደ ዋናው ልግባ። ልፈርም ወይስ አልፈርም ብለሃል። ነገሩን እንደገባኝ ልድገመውና ከሳትኩ አርመኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር ፕላስተር እየለጠፍክበት ስትልጠው ኖረሃል። ልጠህ ልጠህ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ቅርፊት ስታገኝ «ግራፊን» ብለህ ትዘላለህ። ከተላጡት ሁሉ የላቀችው አርባ አንደኛዋ ናት። እሷን ማቀዝቀዣው ሆድ ውስጥ አስገብታችሁ፣ የብርሃን የመጨረሻዋ ቅንጣት፣ ፎቶን የምትሏት፣ አንዲቷ እንኳ ስታርፍባት «ቀጭ» እንድትል አድርጋችኋል። ጣጣው ቅርፊቷ ብርሃን በሌለበትም ቀጭ ማለቷ ነው። ስለዚህ አለቃህ፣ ያ ፀሐዩ የምትሉት፣ «ቅርፊቷን ስልጥ ያቆሸሽኳት እኔ ነኝ» ብለህ እንድትፈርም አዞሃል። ከፈረምክ አርባ አንደኛዋ ወደ ቆሻሻ መጣያ ትሄዳለች፤ አንተ አንገትህን ደፍተህ ሥራህ ላይ ትቆያለህ። ካልፈረምክ ገምጋሚዎቹ ታኅሣሥ ላይ መጥተው ሲሄዱ ውልህም አብሯቸው ይሄዳል።

ልክ ነኝ? እንግዲያው ስማኝ። እኔ ስለ ፊርማ ምክር አልሰጥም፤ ለምን እንደሆነ ሆድ ይፍጀው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቆሻሻ መሆኗን በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ እሱ ስላለህ?

እህትህ

ጥቅምት 15

ለእትዬ፣ ለፎቶ አጣቢዎች ሁሉ እመቤት፣

በዓይኔ አላየሁም። እሱ ስላለኝ ነው። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ስለ ዘገየሁበት ይቅርታ።

እንዴት ነው የምትሠራው ብትይኝ፣ ላስረዳሽ። ሁለት ብረቶች አሉ፤ እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ያሳልፋሉ። በመካከላቸው እንደ ድልድይ የተዘረጋችው አርባ አንደኛዋ ናት። ኤሌክትሪኩ በላይዋ ጫማውን አውልቆ፣ ኮሽ ሳይል ያልፋል። አንዲት ፎቶን ስታርፍባት ግን ወዲያው ትሞቃለች፣ መንገደኛው ይደናቀፋል፣ ቆጣሪው «ቀጭ» ይላል። ይህ የሚሆነው ቀጭን ስለሆነች ነው። ወፍራም ነገር አንዲት ፎቶን ብትወድቅበት አይሰማውም። ለምሳሌ ፀሐዩ።

ፀሐዩ ያልነው ስለሚያበራ እንዳይመስልሽ። ሁላችንም እንድንዞረው ስለሚፈልግ ነው። ስብሰባ ላይ ከእሱ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ቆሞ እንደገና ይቀመጣል።

ክፍሉ ምን ይመስላል ትይኝ ይሆናል። መስኮት የለውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ንጋት በር አንኳኩቶ እንኳ አያውቅም። በመሐል ማቀዝቀዣው እንደ ተገለበጠ በርሜል ተንጠልጥሏል። ብርሃኑን የሚያደርሰው የመስታወት ክር፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ፣ ቢጫ ልብስ ለብሶ በግድግዳው ወርዶ ይገባበታል። ከክሩ በላይ አዲሱ ጌጣችን አለ፤ የብርሃኑ በር ሲዘጋ «ጨለማ ነው፤ ጸጥታ» ብሎ በቀይ የሚበራ ሰሌዳ። ከደጅ ሊሰቀል የተገዛ ነበር። ፀሐዩ ግን ደጅ ላይ ማን ፎቶ ያነሳዋል ብሎ እውስጥ፣ ከማሽኑ በላይ አሰቀለው። ሪባን ተቆርጦለት ተመርቋል። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ጨለማ በሥርዓት ይመራል» የሚል የሃያ ደቂቃ ንግግር ሰምተን አጨብጭበናል። እኔ ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ፤ ውሌ አጭር ነው።

ያን ሁሉ ዘግተን፣ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አጥፍተን፣ በአንድ ሰዓት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ቀጭ ትላለች። ከየት የመጣ ብርሃን? ስለዚህ ቆሻሻ ናት ተባለ። ዓይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ ተመቺው እኔ ነኝ፤ ዓይጡን ግን አላውቀውም።

የፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍልሽስ እንዴት ነው?

ወንድምሽ

ጥቅምት 24

ለወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ለሚያጨበጭበው፣

የጨለማ ክፍሌን ነገር ሌላ ቀን። አሁን ያንተን ጉድ ልጨርስ።

እኔ ምሁር አይደለሁም፤ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨለማ። ሠላሳ ዓመት ከፍዬበታለሁ። እናንተ ጨለማ የምትሉት አምፖል ሲጠፋ የሚሆነውን ነው? እንደዚያማ ከሆነ አባባም ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ሳይንቲስት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ወረቀት ከማስነካታቸው በፊት በርጩማ ላይ ያስቀምጡኝ ነበር። አሥር ደቂቃ፣ ምንም ሳልሠራ። «ዓይንሽ ይልመድ፤ ያን ጊዜ ሌባው ራሱ ብቅ ይላል» ይሉኛል። እውነትም ብቅ ይላል። መጀመሪያ የቁልፉ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የሽማግሌው የገዛ ጥርስ፣ ወርቅ ነበር። አንተ ስድስት ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ አንዴ ቁጭ ብለሃል? ወይስ ዶክተር ቁጭ አይልም?

ሁለተኛው ፈተና የሳንቲም ነው። የፎቶ ወረቀት በጨለማው ውስጥ ዘርግተህ ሳንቲም ታስቀምጥበታለህ፣ ትተወዋለህ፣ ከዚያ ይታጠባል። ጨለማው ንጹሕ ከሆነ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ብርሃን ሰርጎ ከሆነ ዙሪያው ይጠቁርና የሳንቲሙ ቦታ እንደ ነጭ ክብ ይቀራል። ያን ጊዜ «ቆሻሻ» የተባለችው ቅርፊትህ እንዳልዋሸች ታውቃለህ። የዋሸው ክፍሉ ነው።

በጥቁሩ ከረጢት አንድ ወረቀት ልኬልሃለሁ። ሁሉ ሲጠፋ ብቻ ክፈተው። ከክሩ አጠገብ፣ ማሽኑ ላይ አድርገው። አሥር ደቂቃ። መልሰህ ከረጢቱ ውስጥ አሽገህ ላክልኝ፤ እኔ አጥበዋለሁ። ለፀሐዩ አትንገር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይልሃል፤ እሱ ራሱ ኩበቱ መሆኑን ማን ይነግረዋል።

እህትህ

ኅዳር 3

ለእትዬ፣

ተቀምጬ ነበር ወይ ላልሽው፣ ዘንድሮ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ሲለምድ የበሩ ግርጌ እንደ ክር ሲያበራ አየሁ፤ ጃኬቴን ወተፍኩበት። የሙቀት መለኪያው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ መብራት አለች፤ ስድስት ዓመት አላየኋትም። እሷን በሙያዬ ደፈንኳት፣ በፕላስተር። ከዚያ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አምስት። ለሰባት ቀጭታ ጃኬቴ አቧራ ጠጣ።

ወረቀትሽን ያልሽው ቦታ ላይ ዘርግቼ፣ ሳንቲሙን አስቀምጬ፣ ሰዓቴን እያየሁ ልክ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ከረጢቱ ውስጥ እንዳሸግሁ ፀሐዩ ገባ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጨለማ ውስጥ ተቀምጫለሁ።»

«በማን ፈቃድ?»

ያን ቅጽ አልሞላሁም አልኩት። ማሽኑ ላይ ሳንቲም ሲያይ «ይህ ቤተ ሙከራ ነው፣ የምኞት ምንጭ አይደለም» ብሎኝ ወጣ። ቀልዱን ለራሱ ደግሞ ደጋግሞ ሲነግረው በኮሪደሩ ይሰማኛል።

ወረቀቱ ይኸው። የምታገኚውን ጻፊልኝ። የሚፈረመው ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ስሜ በታይፕ ተጽፎ፣ ከሥሩ መስመር ተሰምሮ። በየቀኑ መስመሩ የሚረዝም ይመስለኛል። እውነቴን ነው እትዬ፣ ነጭ ሆኖ ከወጣ እፈርማለሁ። ያቆሸሽኳት እኔ ከሆንኩ ሌላ ምን እላለሁ?

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከረጢትሽ ለምን ሳሙና ሳሙና ይሸታል? ፎቶ ቤት የሚሸተው እንደ ኮምጣጤ ነበር።

ወንድምሽ

ኅዳር 11

ለወንድሜ፣

ወረቀቱን አጠብኩት። ነጭ ነው። ክብ የለም፣ የክብ ጥላ የለም፣ ምንም የለም። እንደ አዲስ አንሶላ ነው የወጣው። ጨለማችሁ ንጹሕ ነው።

እንግዲህ ፀሐዩ ልክ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄን ሌላ ሰው የያዘው ነው የመሰለኝ። የሰነፍ ሥራ ሠርተህ ከሆነ እንደ ሰው እመን፤ ከፈረምክም ቀጥ ባለ እጅ ፈርም።

የሳሙናውን ነገር ተወው።

እህትህ

ኅዳር 12

አንተ ልጅ፣ አትፈርም።

ትናንት የጻፍኩትን ቅደድ። ፈርመህ ከሆነ ቀለሙ ሳይደርቅ ላሰው።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ። «ሰዓቴን እያየሁ ልክ አሥር ደቂቃ» ብለሃል። ጨለማ ውስጥ ሰዓት እንዴት ታየህ? ድመት ነህ? በምን ብርሃን አየኸው?

መልሱን አንተ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ፤ ጥቅምት ላይ ጽፈህልኝ አልፌዋለሁ። «ጨለማ ነው» የሚለው ሰሌዳ። በቀይ።

አሁን ተመልከት ጉዴን። የፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን አያይም። ዕውር ነው ለቀይ። ለዚህ እኮ ነው እኛ ቀይ አምፖል አብርተን የምንሠራው። ሠላሳ ዓመት በቀይ መብራት ሥር እየበላሁ፣ እየጠጣሁ፣ ጋዜጣ እያነበብኩ «ጨለማ ውስጥ ነኝ» ስል ኖርኩ። ትናንት ወረቀትህን ሳህኑ ውስጥ እያገላበጥኩ ደብዳቤህን ያነበብኩት በዚያው ቀይ መብራት ነው። አንብቤዋለሁ፣ ይገባሃል? እያነበብኩ ጨለማ ነው እልሃለሁ። አንተን ስንቅ ራሴን ረሳሁ። ንቀት እንዲህ ነው፤ ሰው ላይ ሲያነጣጥሩ የቆሙበት አይታይም።

አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ፤ ቅርፊትህ ቀይ ታያለች ወይስ እንደ ወረቀቴ ናት?

ጥቁሩን ከረጢት መልሼ ልኬልሃለሁ፤ ሰሌዳውን በእሱ ሸፍነህ ቁጠር።

እህትህ

ኅዳር 21

ለእትዬ፣

ግራፊን ቀለም አይመርጥም። ቀዩንም፣ ሰማያዊውንም፣ ዓይን የማያየውንም ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል። ይህን ተማሪዎች አስተምሬበታለሁ። ከዚያ ቀይ ሰሌዳ ሥር ቆሜ።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ፣ ሁለተኛው ረቡዕ። ማክሰኞ ምን አደረግህ ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ልናዘዝ። ብዕሬን ይዤ ሄድኩ። «ልፈርም ነው» አልኩት። ፀሐዩ ቀና ብሎ አየኝና «አሁን አይደለም» አለ። «ገምጋሚዎቹ ፊት ይሁን። ፎቶ አንሺም ይኖራል። ስህተቱን በግልጽ የሚያምን ተቋም መሆናችን መታየት አለበት።» አየሽው? የእኔ ስህተት በእሱ ግልጽነት ሊታይ። የእምዬን እከክ ወደ አብዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ብቻ ከመፈረም ያዳነኝ የእሱ ኩራት ነው፤ ሌላ ያዳነኝ ነገር ስላልነበረ ላመሰግነው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ጥቁሩን ከረጢትሽን ሰሌዳው ላይ አጥልቄ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ ቆጠርኩ። በአንድ ሰዓት ሦስት። ሦስት፣ እትዬ። ከረጢቱን አነሳሁት፣ ሁለት መቶ አራት። መለስኩት፣ ሦስት። ብርሃኑ በክሩ ቢጫ ልብስ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚገባው። አርባ አንደኛዋ ስትጮህ የነበረው ልክ ስለሆነች ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች።

ሮጬ ለፀሐዩ ነገርኩት። ምን አለ ትይኛለሽ፤ ቃል በቃል ልጻፍልሽ።

«ሰሌዳው ብርሃን አይሰጥም። መረጃ ነው የሚሰጠው።»

«ጌታዬ፣ መረጃውን የሚሰጠው በመብራት ነው።»

«ተመርቋል» አለኝ። በዚህ ነገሩ ተዘጋ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ነው። ገጹ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ውሉም እዚያው አጠገቡ፤ የገምጋሚዎቹ ቀን ታኅሣሥ 10 ነው። አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። ከአርባ አንደኛዋ በኋላ አርባ ሁለተኛ ልልጥ እችላለሁ፤ ሥራ ግን በፕላስተር አይላጥም።

ወንድምሽ

ኅዳር 29

ለወንድሜ፣

ትፈርሚ ነበር ወይ ብለሃል። ፈርሜያለሁ።

ጨለማ ክፍልሽ እንዴት ነው ባልክ ቁጥር ሌላ ቀን የምልህ ስለሌለ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት አንድ ጠዋት ገጽ ይዞልኝ መጣ፤ «ሥራው ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አምኜ ጨለማ ክፍሉ እንዲዘጋ ራሴ ጠይቄአለሁ» ይላል። ከፈረምሽ ከባንኮኒው ትቆያለሽ አለኝ። ለማን ብዬ እንደፈረምኩ አላወራህም፤ አባባም፣ አንተም፣ የልብስ ሰፊዋም ፍሪጅ ሰበብ ሊሆኑ ይችላሉ። የፈረመው እጄ ነው።

ክፍሉ አሁን የፕላስቲክ አበባ ማጎሪያ ነው። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃም እዚያው ተጠቅልሎ ተጋድሟል። በሩን ነቅለው ወሰዱት፤ በር የሌለው ጨለማ ክፍል ጥርስ እንደሌለው ውሻ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ላይ ተቀምጬ የመታወቂያ ፎቶ በመቀስ እቆርጣለሁ። ሠላሳ ዓመት ተምሬ የደረስኩበት ማዕረግ የሰው ጆሮ አለመቁረጥ ነው። ያንተን ወረቀት ያጠብኩት ቤት ውስጥ፣ መታጠቢያ ክፍል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ የድሮውን ቀይ አምፖሌን ሰክቼ ነው። ሳሙናው ይኸው። አባባ በሩን እየደበደበ «ምን እየሠራሽ ነው?» ይላል። «ፎቶ እያጠብኩ» አልኩት። «ቆሽሾ ነው?» አለኝ።

መፈረም እንዴት ነው ለማለት እንዳትቸገር ልንገርህ። ስትፈርም አይጎዳም። የሚጎዳው በኋላ ነው። በስድስተኛው ወር ደፍሬ ክፍሉ ይመለስልኝ አልኩት። ባለቤቱ አልተቆጣም። መሳቢያውን ሳብ አድርጎ ገጹን አወጣና «እኔ ነኝ የዘጋሁት? ራስሽ ነሽ የጠየቅሽው» አለኝ። ከማንም ጋር ተከራክሬ እረታለሁ፤ ከገዛ ፊርማዬ ጋር ግን ምን አፍ አለኝ?

ያንተም እንዲሁ ነው። አርባ ሁለተኛዋን ልጠህ ስትመጣ፣ ሃምሳኛዋን ልጠህ ስትመጣ፣ መሳቢያው ሳብ ይላል። «ያቆሸሽኳት እኔ ነኝ ብለህ የለ?»

እኔ በማላውቀው ነገር አንተን መምከር አልወድም ነበር። ይህን ግን አውቀዋለሁ። የምታደርገውን አድርግ። ከፈረምክ ግን አትጻፍልኝ፤ መቀሱ ሲጮህ ከሰማህ እኔ ነኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 11

ለእትዬ፣

ቀኑ እንዴት ዋለ ብትይኝ፣ ቃለ ጉባኤው የሚለውን እልክልሻለሁ። እንዲያ አልዋለም።

በአጭሩ ልንገርሽ። የገምጋሚዎቹ ሊቀመንበር ትልቅ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ናቸው፤ ቃል አያባክኑም። ፀሐዩ እዚያው ማሽኑ ክፍል ውስጥ ገጹን ዘረጋ፣ የራሱን ብዕር ሰጠኝ፣ ፎቶ አንሺው ተጎነበሰ። እኔም «ከመፈረሜ በፊት ባርኔጣዎን ለአምስት ደቂቃ ያውሱኝ» አልኳቸው። አውልቀው ሰጡኝ።

የጣሪያው መብራት ጠፍቶ ሰሌዳው ባዶውን ሲበራ፣ በአምስት ደቂቃ አሥራ ሰባት ቀጭታ። ባርኔጣው ሰሌዳው ላይ ሲሆን፣ ምንም። ባርኔጣው ሲነሳ፣ አሥራ ስምንት።

ሊቀመንበሯ ወደ ፀሐዩ ዞሩ። «ይህ ሰሌዳ ምን ይላል?»

«ጨለማ ነው ይላል።»

«በምንድነው የሚለው?»

«በመብራት» አለ ፀሐዩ።

 ሊቀመንበሯ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና «ቅርፊቷን እንዳትነኳት» አሉ። ብዕሩንም ከእጄ ወስደው ለፀሐዩ መለሱለት።

አሁን ፀሐዩ ምን እያለ እንደሆነ ትጠይቂኛለሽና። ሰሌዳው ከጅምሩ የቅርፊቷን ንቃት ለመፈተን ሆን ተብሎ እንደተሰቀለ በሪፖርቱ ጽፏል። የፀሐዩ ዘዴ ተብሏል። የእኔ ስም በስድስተኛ ደረጃ ላይ አለ፤ ከባርኔጣው ቀጥሎ ማለት ነው። ውሌ ለአንድ ዓመት ታድሷል። የሥራ መደቤ «የሰሌዳ መሸፈኛ ኃላፊ» ነው፤ ሰሌዳው የተመረቀ ንብረት ስለሆነ አይነቀልም፣ ክዳን ተሠርቶለታል። ክዳኑ መዘጋቱን የምታመለክት አንዲት ትንሽ መብራት እንድትገጠምለትም ታዟል። አረንጓዴ። ፕላስተሬን አዘጋጅቻለሁ።

አርባ አንደኛዋ በቦታዋ ናት። ዛሬ ጠዋት በሰዓት ሁለት ቆጠረች።

ያልፈረምኩበትን ገጽ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እዚህ የማኖርበት መሳቢያ የለኝም። ፖስታሽ መልሶ ሳሙና ከሸተተኝ ደህና ነሽ ብዬ እይዘዋለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣ ለሰሌዳ መሸፈኛው ኃላፊ፣

እንኳን ደስ አለህ አልልም። ስድስት ዓመት የተቀመጠብህ ሰው አሁን ስድስተኛ አድርጎ ስላስቀመጠህ ደስ ይበልህ ልልህ አልችልም።  ሹመትህን ለአባባ ጆሮው ላይ ጮኼ ነገርኩት፤ «ክዳንም ይሠራል» ብሎ ለሰፈሩ አውጇል። ፍሪጆቹ ሦስት ሆነዋል፤ ሦስተኛው ክዳን የለውም።

ስለ ጨለማ ክፍሉ ደግመህ ጠይቀኸኛል ብዬ ልያዘው። ሰኞ ዕለት ባለቤቱን ክፍሉን መልስልኝ አልኩት። መሳቢያውን ሳብ አደረገ። «አታውጣው፣ የእኔ ነው፣ ፈርሜያለሁ» አልኩት። «አሁን ሌላ ገጽ ስጠኝ፤ ያኔ የፈረምኩት ፈርቼ ነው፣ ሥራውም ጊዜው አላለፈበትም ብዬ ልፈርምበት።» እንዲህ ያለ ቅጽ የለንም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየፈለገ ነው፤ እኔ በገባሁ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ አጎንብሶ አገኘዋለሁ። ለጊዜው የፕላስቲክ አበቦቹን ወደ ባንኮኒው አጓጉዣለሁ፤ በር ባለመኖሩ ያን የፏፏቴ መጋረጃ ሰቅዬበታለሁ። ብርሃን ያሳልፋል። በርጩማዬን አስገብቼ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብዬ የት የት እንደሚያሳልፍ ቆጥሬአለሁ። አሥራ አንድ ቦታ። ቀይ አምፖሌንም አጥፍቼ ነው የቆጠርኩት፤ ካንተ ቅርፊት አንሼ አልገኝም።

ያልፈረምክበትን ገጽ የት እንዳደረግሁት ትጠይቀኛለህ። ወርቅ ቀለም የተቀባ የሙሽራ ፍሬም ውስጥ ከትቼ፣ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ከሁለት ሙሽሮች መካከል ሰቅዬዋለሁ። ባለቤቱ ምንድነው ይኼ ሲለኝ ናሙና ነው አልኩት። ስምህ በታይፕ፣ ከሥሩ ያ ረጅም መስመር፣ ባዶውን። አላፊ አግዳሚው ቆም ይልና መስታወቱን በጣቱ እየነካ ይጠይቀኛል።

«ሙሽራው የት አለ?»

አልፈረመም እላቸዋለሁ።

እህትህ